የሲያማን ማንፓንግ ሰሌዳ

ሰውየውን አሁን ምን ብለን እንደምንጠራው በመንደራችን የሚያውቅ የለም። እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ሲያማን ማንፓንግ ነበር፤ የማንፓንግ አባት ማለት ነው። በደሴታችን ሰው የመጀመሪያ ልጁን ሲያገኝ የገዛ ስሙን ትቶ በልጁ ስም ይጠራል። እኔም ኮታንን ከወለድኩ ወዲህ ሲናን ኮታን ነኝ፤ ከዚያ በፊት ማን እባል እንደነበር ባሌም የረሳው ይመስለኛል። የሞተ ሰው ስም ደግሞ በእኛ ዘንድ አይነሳም። ከተነሳ ይሰማል፣ ከሰማም ይመጣል። እንግዲህ አንድ ልጅ ብቻ ያለው አባት ልጁን ሲቀብር ስሙንም አብሮ ይቀብራል። አሁን ሰውየው በሱቄ በር ሲያልፍ ሰዉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንዳንዱ "እንዴት አደሩ" ይልና ስሙ ጋ ሲደርስ ይውጠዋል፤ ሌላው ጨርሶ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞርና የሌለ ጀልባ ያያል።

እኔ ግን ስሙን እዚህ እጽፈዋለሁ። አኒቶ የምንላቸው ሙታኖቻችን ማንበብ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ነገር በመንደራችን ብዙ አከራክሯል። የክርክሩ መነሻም የእኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው።

ሱቄ ከጀልባ ማረፊያው በላይ፣ መንገዱ ዳር ነው። ከትልቁ ደሴት በመርከብ ለሚመጡ እንግዶች የመጥለቂያ መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ተንሳፋፊ ጃኬትና እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ የጎማ ጫማ አከራያለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የማላውቀውን ሰው ምራቅ ከቱቦ ሳጥብ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ጠባዬ ቢመር አይፈረድብኝም። ሲያማን ማንፓንግ ከሱቁ በስተኋላ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በተቀበረው የድሮ ቤት ነው የሚኖረው። ማራን ብዬ ነው የምጠራው፣ አጎቴ እንደ ማለት፤ ዘመዴ ስለሆነ ሳይሆን ለታላቅ ሰው ወጉ ስለሆነ።

ማራን እንዴት ያለ ጠላቂ እንደነበር ለእንግዶች ባወራ አያምኑኝም። መነጽሩን ከእንጨት ቀርጾ፣ የጠርሙስ ብርጭቆ በዛፍ ሙጫ ለጥፎበት፣ ራሱ ነው የሠራው። ቱቦ የለ፣ የጎማ ጫማ የለ። እንግዶቹ ጃኬት ታጥቀው ከላይ ተንሳፍፈው የሚያዩትን የኮራል አለት እሱ ከሥሩ ገብቶ በእጁ ያውቀዋል። ዓሣ ሲያመጣ ሁልጊዜ በሁለት መረብ ለይቶ ነው፤ በአንዱ ሴቶች የሚበሉት የሴቶች ዓሣ፣ ሥጋው ነጭና ሽታ የሌለው፣ በሌላው የወንዶች ዓሣ፣ ቆዳው የሚሻክር። የሽማግሌ ዓሣ የምንለው ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ማንም የማይመኘው፣ መልኩ የከፋ። ዕድሜው ስልሳን ሲያልፍ "እኔን የሚመስለው ደረሰኝ" ብሎ ሲስቅ አስታውሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ወዴት እንደሚሄድ። ባሕር ልግባ ብሎ አያውቅም። "ድንቼን አየት አድርጌ ልምጣ" ይላል፤ ስኳር ድንች ማሳ አለው፣ ከመንደሩ በላይ። ቅርጫቱን እዚያ ማሳ ጫፍ ላይ ሰው እንዲያየው አድርጎ ያስቀምጥና የፍየል መንገዱን ይዞ ኮረብታውን ተሻግሮ በሌላ ጎን ወደ ባሕር ይወርዳል። ልጅ ሆነን ተከትለነው ቅርጫቱ አጠገብ ስንጠብቅ ውለናል፤ እሱ ለካ ከሁለት ሰዓት በፊት ዓሣውን ይዞ ቤቱ ገብቷል። ይህ የእሱ ፈሊጥ ብቻ አይደለም፤ አባቶቻችን ሁሉ እንዲህ ነበሩ። ባሕር የሚገባ ሰው ቦታውን ከተናገረ አኒቶ ቀድሞት ይደርሳል። እሱ ግን ከሁሉም ይብስ ነበር። ሚስቱ ልጃቸው ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው በበሽታ ከሞተች ወዲህ ጥንቃቄው ጠና። የቀረው ልጁ ብቻ ነበር።

ማንፓንግ በአሥራ አምስት ዓመቱ እንደ እኩዮቹ ወደ ትልቁ ደሴት ሄዶ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ቆየ። በሃያ ሰባት ዓመቱ ሲመለስ ሊማይን ይዞ መጣ፤ ሊማይ የእኛው ደሴት የምሥራቁ መንደር ልጅ ናት፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ ግን አፏን በእጇ የምትሸፍን። እንግዶችን ባሕር ውስጥ ለማስጎብኘት የሚያስችለውን ወረቀትም ይዞ መጥቶ ነበር። ሱቄ ድረስ መጥቶ "አክስቴ፣ አንቺ መነጽር ታከራያለሽ፣ እኔ ደግሞ የሚታየውን አሳያለሁ" አለኝ። ያን ዕለት ነው ሰሌዳውን የሰቀለው። ጥቁር ሰሌዳ፣ ነጭ ጠመኔ፣ አናቱ ላይ "የዛሬ ቦታዎች" የሚል።

የእጅ ጽሕፈቱ ያምር ነበር። ዋና ለማይችሉት "የመንደሩ ዳር"ን ይጽፋል፤ ጀልባዎቹ የሚወርዱበት ቦይ ነው፣ ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመህ ሰማያዊ ዓሦች ጣትህን ይነክሱሃል። ትንሽ ደፈር ላሉት "ሁለቱ ድንጋዮች" አለ፤ በድንጋዮቹ መሃል ውሃው ስለሚጎትት ከሰዓት በኋላ እንጂ ጠዋት አይገባበትም። "የእባብ ጉድጓድ" ብሎ ሲጽፍ ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ግን እሱን ነው ሁሉም የሚመርጠው፤ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያላቸው የባሕር እባቦች አለቱ ሥር ተጠላልፈው ይተኛሉ፣ ካልነካሃቸው አይነኩህም። በደቡብ ከድሮ ማዕበል ወዲህ ያለ የመርከብ ስባሪ አለ። በምሥራቅ ነጩ አሸዋ አለ፤ ለመዋኘት ሳይሆን ቁጭ ብሎ ለማየት ነው የሚሆነው፣ ሞገዱ ሰው ይሰብራል፣ ኤሊዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉትም እዚያ ነው። ከነጩ አሸዋ ወዲህ ቀዝቃዛው ምንጭ አለ፣ ከጨው በኋላ ሰውነት የሚታጠቡበት።

ሰባተኛው ቦታ የፍየል ገደል ነው። እሱን ሰሌዳው ላይ ጽፎት አያውቅም። በደሴቲቱ ያለው ምርጡ አለት እዚያ ነው፤ ኮራሉ እንደ ጎደሬ ማሳ እርከን እርከን ሆኖ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ የሴቶች ዓሣም እንደ እዚያ የትም የለም። መንገድ ግን የለውም። ወይ ኮረብታውን ተሻግሮ በገደሉ መውረድ ነው፣ ወይ ከሩቅ በጀልባ። ለልጁ ያሳየው ማራን ራሱ ነበር፤ ማንፓንግ ትልቁ ደሴት ሊሄድ ሲል፣ በመጨረሻው ቀን።

ማራን ሰሌዳውን መጀመሪያ ያየ ዕለት ሱቄ በር ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። ጥርሱን የሚያቀላውን ፍሬ ያኝካል፣ ይተፋል፣ እንደገና ያያል። ከዚያ ልጁን ጠራው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሥራ ነው አባዬ። እንግዶቹ የት እንደምንሄድ ማወቅ አለባቸው።"

"እንግዶቹ ብቻ ናቸው የሚያውቁት?"

"ጽሑፍ እኮ ነው። በአፌ አልተናገርኩም። አኒቶ ማንበብ አይችልም።"

ማራን ፍሬውን ተፋ። "የድሮዎቹ አይችሉም" አለ። "የአሁኖቹ ግን ሁሉም ትምህርት ቤት ገብተዋል። የታችኛው ሰፈር መምህር ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው።"

እኔ ይዤው የነበረው ቱቦ ሁሉ ከእጄ እስኪወድቅ ሳቅሁ። ማንፓንግም ሳቀ። ማራን ብቻ አልሳቀም። በመንደሩ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቀረ፤ ሰዉ ሰሌዳውን ሲያይ "መምህሩ አነበቡት?" እያለ ያልፍ ነበር። እኔም ስንቴ ብያለሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀልድ ከማንም በላይ ያራባሁት እኔ ነኝ።

ሦስት በጋ እንዲህ አለፈ። ማንፓንግ የመራው አንድ እንግዳ እንኳ ጉዳት ደርሶበት አያውቅም። ደግሞም ሰሌዳው ስላለ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከመሸበት ሊማይ ትመጣና ሰሌዳውን አይታ ትመለሳለች። ማራን ግን በሱቁ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ከልጁ ጋር በሌላ ነገር ሁሉ ደህና ነበሩ፣ አብረው ጎደሬ ይቆፍራሉ፣ አብረው ጀልባ ይጠግናሉ፤ ሰሌዳው ግን በመሃላቸው ቆሞ ነበር።

ባለፈው በጋ መጨረሻ ሊማይ አረገዘች። ማራን ያን ቀን እንደ ልጅ ነው የሆነው። ነፋሱ አልፎ በራሪው ዓሣ በሚመጣበት ጊዜ ትወልዳለች ተባለ፤ እንግዲህ ማንፓንግ በልጁ ስም የሚጠራ አባት፣ እሱም በልጅ ልጁ ስም የሚጠራ አያት ሊሆን ነው። "ሲያማን መባል ሰለቸኝ" እያለ መንገደኛውን ሁሉ ያስቆም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ፍርሃቱ ጨመረ። እርጉዝ ያለችበት ቤት ዙሪያ አኒቶ ይበዛል ይባላል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ጀምሮ እንግዶች መምጣት ባቆሙ ሰሞን፣ ማንፓንግ ከእኔ ጋር ጃኬቶች ሲያጥብ ሳለ ማራን መጣ። እንደ ሌላው ጊዜ አልተቆጣም። እጁን ልብሱ ላይ ጠረገና ሰሌዳውን ሳያይ ተናገረ።

"ማንፓንግ፣ ለምኜህ አላውቅም።"

"ምን ሆነው ነው አባዬ?"

"እሱን ነገር አጥፋልኝ። እስክትወልድ ብቻ። ባሕር ስትገባም ለማንም አትናገር፣ ለእኔም። ሞተር ብስክሌትህንም በምትገባበት ቦታ አታቁም።"

"የትስ ላቁመው? ድንች ማሳ ውስጥ?"

"ብትችልማ ጥሩ ነበር።"

ማንፓንግ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፣ የአባቱን ፊት ሲያይ ግን ተወው። ደግሞ እንግዳም የለ፣ ሥራም የለ፤ ሰሌዳው ባዶ ቢሆን ምን ይጎዳል? "አክስቴ፣ ጨርቅ አቀብይኝ" አለኝ። እርጥቡን ጨርቅ አቀበልኩት። አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ ሁለቱ ድንጋዮች፣ የእባብ ጉድጓድ፣ የመርከቡ ስባሪ። ማራን ሰሌዳው ጥቁር እስኪሆን ቆሞ አየና "አሁን ተኝቼ አድራለሁ" ብሎ ሄደ። ጨርቁን ያቀበልኩት እኔ መሆኔን ማንም አይጠይቀኝም፤ እኔ ግን አልረሳውም።

ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ሊማይ ምግብ አልረጋ ብሏት ሰንብታ ነበር፣ የሚስማማት ነጩ የሴቶች ዓሣ ብቻ ነው። ጠዋት ማንፓንግ ሞተሩን አስነስቶ ሲሄድ በሱቄ በር አለፈ። "ወዴት?" ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። እሱም ገባውና ሳቀ።

"ድንቼን አየት አድርጌ ልምጣ" አለኝ፣ ልክ እንደ አባቱ ድምፁን አጎርንኖ። ድንች የለውም። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እንደዚያ ሲስቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሊማይ መጣችና በልማዷ ሰሌዳውን አየች። ባዶ ነው። ዓይኗን ከሰሌዳው ወደ እኔ መለሰች። እኔ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምሥራቁ መንደር አንድ ሰው ሞተሩን ቀዝቃዛው ምንጭ አጠገብ አየሁት አለ። ሁላችንም ወደዚያ ሮጥን። ሞተሩ ጥላ ሥር ቆሟል፣ ስልኩ ከመቀመጫው ሥር ነው፣ ጫማውም ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሰዉ ጫማውን ሲያይ በዚህ ነው የገባው አለ። የባሕር ጠባቂዎቹ ጀልባ መጣ፣ ወጣቶቹ በገመድ ተያይዘው ገቡ፣ ውሃው ወደ ደቡብ ስለሚጎትት ፍለጋው ሁሉ ወደ ደቡብ ሆነ። ሊማይ ምንጩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዎቹን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር።

ማራን ከሰው ሁሉ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። የሚያየው ባሕሩን አይደለም፤ ሞተሩንና ጫማውን ነው። መጀመሪያ ድንጋጤ ነው ብዬ ተውኩት። ቆይቼ ሳየው ከንፈሩ ይከፈትና ይዘጋል። እኔ ያኔ አልገባኝም። እሱ ግን ሞተሩን ባየባት ቅጽበት ነው ያወቀው፤ ልጁ አባቱን ሰምቶ፣ የተባለውን አንድ ሳይቀር አድርጎ፣ ሞተሩን እዚህ አቁሞ ሌላ ቦታ ሄዷል። የሴቶች ዓሣ ሊያመጣ ከሆነ የት እንደሄደም ያውቃል። ግን ልጁ ባሕር ውስጥ እያለ የቦታውን ስም ከአፉ ማውጣት አልቻለም። ሰባ ዓመት የኖረበት ነገር አፉን ያዘው። አንድ ሰዓት ቆመ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ።

በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ። ክንዴን ያዘኝ።

"ሲናን ኮታን" አለ፣ "ድንቼን አየት አድርጌ ልምጣ።"

አጠገባችን የነበሩት ተያዩ። ሽማግሌው አእምሮው ተነካ ብለው አዘኑለት። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ፤ "ምን ዓይነት ድንች ነው ማራን፣ ልጅዎ ጠፍቶ!" አልኩት። ከምንጩ ጀርባ በሚወጣው የፍየል መንገድ ወደ ኮረብታው ወጣ። ኮረብታው መሃል ሲደርስ ነው ነገሩ እንደ ድንጋይ የመታኝ። ቅርጫቱ ትዝ አለኝ። ማሳ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እኛ ልጆቹ ስንጠብቀው የምንውለው ያ ቅርጫት። "እዚህ አይደለም! ሞተሩን ተዉት፣ ቦታው እዚህ አይደለም!" እያልኩ ጮህኩ። የት ነው ታዲያ ሲሉኝ ኮረብታውን ከማሳየት በቀር የምለው አልነበረኝም። አምስት ሰዎች ተከትለውት ሮጡ።

ሲደርሱበት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል። ከታች፣ አለቱ ላይ ከፍ ብላ፣ ብርቱካናማዋ ተንሳፋፊ ቦርሳው ታስራለች። ከሩቅ እንድትታይ ነው የታሰረችው፣ ሁለት ጊዜ ተቋጥራ። ከሥሯ ያለውን አለት ግን ማዕበሉ ሸፍኖታል። ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ እዚያው አለቱ ሥር አገኙት። ቀኝ እግሩ ተሰብሯል። በመጥለቂያ ጎማ ጫማው ማሰሪያና በመተንፈሻ ቱቦው ደግፎ ራሱ አስሮታል፣ በደንብ አስሮታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እግሩን አይታ ከተሰበረ በኋላ ብዙ ሰዓት ቆይቷል አለች። ሞገዱ ሲወጣ እሱም እየተሳበ ወደ ላይ ወጥቷል፣ መውጫ እስኪያጣ ድረስ። መረቡ ውስጥ አራት የሴቶች ዓሦች ነበሩ። ነርሷ ይህን ስትናገር ማራን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ሰዉ ዝም በይ ብሎ ሊጠቅሳት ሲሞክር እሷ አላየችም። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ገደሉ ላይ ቢደርስ ኖሮ ይህ ልጅ ዛሬ በዱላም ቢሆን እየሄደ ነበር። ዘጠኝ ሰዓትም ይበቃ ነበር አለች።

ያኑ ዕለት ቀበሩት። የቤተሰቡ ወንዶች ከራታን ሐረግ የተሠራ ቁር ደፍተው፣ ጩቤ ይዘው ወሰዱት፤ የቀረነው እንደ ወጉ ቤታችን ተዘግተን፣ ሙቱ እንዳይከተለን ሸምበቆ በየደጃችን ተክለን ዋልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንፓንግን ስም መጥራት በመንደሩ ቀረ፤ የአባቱም ስም አብሮ ቀረ። ሊማይ እዚያው ማራን ቤት አለች፣ ወላጆቿ ሊወስዷት መጥተው እምቢ ብላለች። ማራንን ግን አታናግረውም። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም፣ አንድ ደግ ቃልም አልተናገረችውም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ በዚያ ጠባብ ቤት ሁለት ሰው ሳይነጋገር ሲኖር ግድግዳውም የሚያለቅስ ይመስለኛል።

ክረምቱ እንዲህ ሆኖ መጣ። ነፋሱ መርከቡን ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት ያስቀራል፣ እንግዳ የለም፣ እኔ ቱቦዎቼን በጆንያ አስሬ አስቀምጫለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ማራን ሱቄ ገባ። ከቀብሩ ወዲህ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። በማን ስም እንደምጠራው ቸግሮኝ ወንበር ሳብኩለት። አልተቀመጠም።

"አንቺ ልጅ" አለኝ፣ "የቦታዎቹን አጻጻፍ አሳዪኝ።"

ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሄደው፣ የራሱን ስም እንኳ ከጻፈ ስንት ዘመኑ። ካርቶን ገልብጬ ሰባቱን ቦታዎች ጻፍኩለት። ካርቶኑን አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተው። ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ በከሰል ሲለማመድ አየሁት፤ የጀልባ ማረፊያው ግድግዳ ሁሉ በጠማማ ጽሕፈት ተሞላ። የልጆቹ ሥራ ነው ብሎ የተቆጣ ሰው ነበር፤ ማን እንደጻፈው ስነግረው አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ጋብ ባለ ጠዋት ሁሉ ይመጣል። ጠመኔውን ያነሳል፣ ምላሱን ጥርሱ መሃል አድርጎ፣ ባዶው ሰሌዳ ላይ የአንድ ቦታ ስም ይጽፋል። ከዚያ የእንጨት መነጽሩን አንጠልጥሎ ወደዚያው ወደ ጻፈው ቦታ ይሄዳል። የትም አይሸሸግም፣ ቅርጫቱንም ማሳ ላይ አያስቀምጥም። ሲመለስ የሴቶች ዓሣ ይይዛል፣ ቅርፊቱን ገፎ ሊማይ ምድጃ አጠገብ በቅጠል ያስቀምጥላታል። ትበላዋለች። ሆዷ እየገፋ ነው። ስለ ዓሣው ግን ምንም አትለውም።

እኔ በሰሌዳው ነገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን ልብ ገዛ አልኩ በልቤ። ዛሬ ጠዋት ነው። ሰሌዳው ላይ የፍየል ገደልን ጻፈ። ከቀብሩ ወዲህ ሲጽፈው የመጀመሪያው ነው። ፊቴን አጠንክሬ አመሰገንኩት።

"ጥሩ አደረጉ ማራን። አሁን ቢያንስ የት እንደምንፈልግዎ እናውቃለን።"

ጠመኔውን ከጣቶቹ ላይ ቀስ ብሎ አራገፈ።

"ለእናንተ አይደለም" አለ።

"ታዲያ ለማን ነው? ለሊማይ?"

"ሊማይ ሰሌዳውን አታየውም። ካየች ታለቅሳለች።" ጠመኔውን ቦታው መለሰ። "እሱ ግን ማንበብ ይችላል። የት እንዳለሁ ይወቅ። እኔ ያን ቀን የት እንዳለ አውቄ አልተናገርኩም፤ እሱ ከፈለገኝ ይምጣ።"

በእኛ ደሴት ሙት እንዳይከተል እንጂ ተከትሎ እንዲመጣ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደጄ ላይ ሸምበቆው አሁንም ተተክሏል። ያን ቃል ከማንም ሌላ ሰው ብሰማ በሩን ዘግቼ ጸሎት እጀምር ነበር። እሱ መነጽሩን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ የፍየል መንገዱን ይዞ ወጣ። ዕድሜው ለዚያ ገደል አይሆንም። ልጥራው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ማራን ማንኛውም ሽማግሌ ነው፣ የእሱ የሆነ ስም ግን አልነበረኝም።

እርጥቡ ጨርቅ እጄ ላይ ነበር። መደምሰሱ ቀላል ነው፤ አንዴ ጠረግ ማድረግ። ሰሌዳው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ጽሕፈቱ ጠማማ ነው፣ ከመጨረሻው ፊደል አንድ ጭረት ረስቷል፤ እንዲህ እንዳለ ማንም አያነበውም። ጨርቁን አስቀመጥኩና ጠመኔውን አንስቼ ያቺን ጭረት ሞላሁለት።